ሁለቱን ሃርድ ዲስክ ከአንድ ሱቅ አትግዙ

በደብረ ማርቆስም በፍኖተ ሰላምም የሰርግ ፎቶና ቪዲዮ የምትሠሩ፣ ፋይል ማስቀመጫ ናስ (NAS፣ ሃርድ ዲስክ ተገጥሞበት በኔትወርክ ፋይል የሚያስቀምጥ ሳጥን) ልትገዙ ካሰባችሁ ይቺን ያዙልኝ።

ሁለት ዲስክ የሚይዘው ይበቃል። ሬይድ 1 (RAID 1) የሚባለው አሠራር ላይ አድርጉት። ሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት ነገር ይጻፋል፤ አንዱ ቢሞት ሌላው ይቀጥላል። ሁለት ባለ 4 ቴራባይት ገዝታችሁ የምታገኙት ቦታ 4 ብቻ ነው፤ ግን ያዋጣል።

ዋናው ዘዴ ዲስኮቹ ላይ ነው። መጠናቸው እኩል ይሁን፤ የተመረቱበት ቀን ግን ይለያይ፤ ከሁለት ሱቅ ግዙ ያልኩት ለዚህ ነው። ቀኑ ብዙ ጊዜ ዲስኩ ላይ ተለጥፏል። አብረው ተመርተው እኩል የሠሩ ዲስኮች የሚበላሹበት ጊዜም ሊቀራረብ ይችላል። አንዱ ሞቶ አዲስ ሲተካ ደግሞ የቀረው ለሰዓታት ያለ እረፍት ይነበባል። ደክሞ ከነበረ ያኔ ነው የሚለቃችሁ። ስትገዙ ሲኤምአር (CMR፣ የዲስኩ የጽሑፍ መስመሮች የማይደራረቡበት) መሆኑን አረጋግጡ፤ መስመሮቹ የሚደራረቡበት ኤስኤምአር (SMR) የሚባለው ዲስክ ሲተካ በጣም ይንቀራፈፋል።

መብራት እየሄደ ለሚያስቸግራችሁ፣ ዩፒኤሱን (መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆየውን) በዩኤስቢ ገመድ ከናሱ ጋር አገናኙት። ሁለቱ ከተግባቡ ባትሪው ሳያልቅ ናሱ በሥርዓት ራሱን ያጠፋል።

ሬይድ ግን ባክአፕ (መጠባበቂያ ቅጂ) አይደለም። በስህተት ያጠፋችሁት ፎቶ ከሁለቱም ዲስክ እኩል ይጠፋል። የሰው ሰርግ ከሆነ ሦስተኛ ኮፒ ሌላ ቤት አስቀምጡ።