የነበልባልን ቀለም በቤት ውስጥ እንዴት መፈተሽ፣ የከዋክብትንስ ቀለም እንዴት ማንበብ ይቻላል?

የሻማ ነበልባል ቢጫ ነው፤ የቡታ ጋዝ ምድጃ ሰማያዊ ነበልባልም ጥቂት የገበታ ጨው ሲነካው ቢጫ ይሆናል። ለዓይን አንድ የሚመስሉት እነዚህ ሁለት ቢጫዎች የሚፈጠሩት በተለያየ መንገድ ስለሆነ፣ የከዋክብት ቀለም ለምን እንደሚለያይ መረዳት የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ እነርሱን ለይቶ ማየት ይኖርበታል።

ለሙከራው ሻማ፣ የቡታ ጋዝ ምድጃ፣ አንድ ስንዝር የብረት ሽቦ፣ የፕላስቲክ ልባሱ ሙሉ በሙሉ የተላጠ የመዳብ ሽቦ፣ ፒንሳ፣ ማንኪያ፣ ጨውና አሮጌ ሲዲ ያዘጋጁ። ክፍሉ ጨለም ያለ፣ ነገር ግን አየር የሚዘዋወርበት ይሁን። ጨውን በአልኮል በጥብጦ ማቀጣጠል ቀለሙን ያደምቀዋል፤ ሆኖም እሳቱ የጠፋ መስሏቸው አልኮል ሲጨምሩ በትምህርት ቤት ላቦራቶሪ ውስጥ ሳይቀር ክፉኛ የተቃጠሉ ሰዎች ስላሉ፣ በቤት ውስጥ ፈጽሞ አይሞከርም።

በመጀመሪያ የማንኪያውን ጀርባ በሻማው ቢጫ ነበልባል ውስጥ ለጥቂት ሰከንድ ይያዙት። የሚለብሰው ጥቁር ጥላሸት የቢጫው ብርሃን ምንጭ ነው፤ ነበልባሉ ውስጥ ያሉት ደቃቅ የካርቦን ቅንጣቶች እንደ ጋለ ብረት ስለሚያበሩ ነው ሻማው ቢጫ የሚሆነው። ቀጥሎ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ርቀው ሲዲውን ያዘንብሉና የነበልባሉን ነጸብራቅ ይፈልጉ። ከቀይ እስከ ሐምራዊ ሳይቋረጥ የተዘረጋ ቀስተ ደመና ይታያል።

አሁን የብረት ሽቦውን ጫፍ በጨው ውኃ ነክረው፣ በፒንሳ ይዘው ወደ ሰማያዊው የጋዝ ነበልባል ያስገቡት። ነበልባሉ ወዲያው ደማቅ ቢጫ ይሆናል። ሌላ ሰው ሽቦውን ይዞልዎት በሲዲው ሲመለከቱ ግን ጎልቶ የሚወጣው አንድ ቢጫ ምስል ብቻ ነው። በጨው ውስጥ ያለው የሶዲየም አቶም ሲሞቅ ኤሌክትሮኑ ወደ ከፍተኛ የኃይል እርከን ይወጣል፤ ሲመለስም ትርፉን ኃይል 589 ናኖሜትር (ናኖሜትር የሜትር አንድ ቢሊዮንኛ ነው) ገደማ ርዝመት ባለው የብርሃን ሞገድ ይለቃል። የመዳብ ሽቦው በበኩሉ አረንጓዴ ይሰጣል። ሶዲየም በላብ ውስጥም ስላለ ሽቦው በጣት ብቻ ተነክቶ ቢጫ ሊያሳይ ይችላል፤ ይህ ብዙ ጀማሪዎችን ያሳስታል።

የከዋክብት ቀለም ዘመዱ ጨው ሳይሆን ሻማው፣ ይልቁንም የቡና ከሰል ነው። ከሰል ሲያያዝ ደብዛዛ ቀይ ነው፤ ሲያራግቡት ሙቀቱ ጨምሮ ወደ ብርቱካናማ ይደምቃል፤ ከምኑ እንደተሠራ ግን አልተለወጠም። ቤቴልጁስ የተባለው ኮከብ ገጽ 3,500 ኬልቪን (ሳይንቲስቶች የሚጠቀሙበት የሙቀት መለኪያ) ገደማ ስለሆነ ቀላ ይላል፤ 12,000 የሚደርሰው ራይጀል ነጭ ሰማያዊ ነው፤ 5,800 የሆነችው ፀሐያችን በመካከል ትገኛለች። የፀሐይ ብርሃን እጅግ የሚበረታው በአረንጓዴ አካባቢ ቢሆንም ሌሎቹ ቀለማት አብረው ስለሚመጡ ዓይናችን ነጭ ያደርገዋል፤ አረንጓዴ ኮከብ የማናየውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ጨው ያሳየን መንገድ ግን ከንቱ አይደለም። ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ጆሴፍ ፍራውንሆፈር በ1814 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) በፀሐይ ቀስተ ደመና ውስጥ መዝግቧቸው ከነበሩት ጥቁር መስመሮች መካከል ጥንዶቹ በትክክል በሶዲየም ቢጫ ቦታ ላይ ነበሩ፤ ሌላው ጀርመናዊ የፊዚክስ ሊቅ ጉስታቭ ኪርሆፍ በ1859 ምክንያቱን ሲያስረዳ በፀሐይ ከባቢ አየር ውስጥ ያለው ሶዲየም ያንኑ ቀለም እየዋጠ መሆኑ ታወቀ። የኮከብን ሙቀት ቀለሙ፣ በውስጡ ያለውን ንጥረ ነገር ደግሞ መስመሮቹ ይናገራሉ ማለት ነው።

በታኅሣሥ አጋማሽ ኢትዮጵያ ውስጥ ከምሽቱ 2 ሰዓት ገደማ ወደ ምሥራቅ ቢመለከቱ ሦስት ከዋክብት ቀጥ ብለው ተደርድረው ያገኛሉ፤ እነዚህ ኦሪዮን የተባለው የከዋክብት ስብስብ መታጠቂያ ናቸው። በስተግራ ቀላ ያለው ቤቴልጁስ፣ በስተቀኝ ነጣ ያለው ራይጀል ነው። ከአድማስ አጠገብ አየሩ ቀለማቸውን ስለሚያዛባው ከፍ እስኪሉ ይጠብቁ፤ ባይኖኩላር ካለዎትም ሆን ብለው ትኩረቱን ትንሽ ያደብዝዙት፣ ነጥቡ ወደ ክብ ሲሰፋ ቀለሙ ይበልጥ ይለያል።