«ማ» የማ ናት? አጭር ቃል የሚታደንበት መንገድ

ሻርጃ በገባሁ በሦስተኛው ቀን ነው። ማዳሜ ከእንግዶቿ ጋር ሳሎን ተቀምጣለች። እኔ የውሃ ጆግ በትሪ ይዤ እየመጣሁ ነው። «ማይ! ማይ!» ብላ ጮኸችብኝ። ቀጥ አልኩ። ከአገር ስወጣ ደላላው ካስጠኑኝ አምስት ቃላት አንዱ «ማ» ነበር። «ማ ካሉሽ አይሆንም ነው፤ ማፊ ካሉሽ የለም ነው» ብለውኛል። ስለዚህ «አይሆንም! አይሆንም!» ያለችኝ መሰለኝ። ጆጉን እንደያዝኩ ወደ ኩሽና ተመለስኩ። እንግዶቹ ሳቁ፤ እሷ አልሳቀችም።

ማታ ጣሪያ ላይ ልብስ ሳሰጣ ጎረቤት ለምትሠራ የአድዋ ልጅ ነገርኳት። በሳቅ ሞተች። «ማይ እኮ ውሃ ነው! እኛም አገር ውሃ ማይ ነው!» አለችኝ። እሷ ሳትማረው የገባትን ቃል እኔ ተምሬ ተሳሳትኩ።

ደብተር የያዝኩት ከዚያ ወዲህ ነው። አሁን አዲስ አበባ ተመልሼ የስልክ ዕቃ እሸጣለሁ። ደብተሩ ግን አልቆመም። «ማ» ብቻዋን አሥራ አንድ ገጽ ይዛለች። ሱቅ የሚመጡ ልጆች «እንዴት ነው የምትሠሪው?» ይሉኛል። እንዲህ ነው።

ከቤት ጀምሩ

ቃሉ አጭር ይሁን። አንድ ወይም ሁለት ፊደል ይበቃል። ረጅም ቃል ቶሎ ይያዛል፤ አጭር ቃል ነው የሚያስቸግረው፤ ደስ የሚለውም እሱ ነው። ከዚያ ወደ ሌላ አገር ከመሮጣችሁ በፊት ቃሉ በራሳችሁ ቋንቋ ስንት ቦታ እንደሚኖር ቁጠሩ።

እኔ በአማርኛ አራት «ማ» አገኘሁ። በር ሲንኳኳ «ማ ነው?» እንላለን። ይቺ «ማን» ናት፤ «ን» ተውጣ ነው። «የማ ነው?» የምንለውም እሷኑ ነው። ሁለተኛዋ ጭራ ናት። «እኔማ ጨርሻለሁ» ስል፣ ሌላው ይጨርስ አይጨርስ አላውቅም፣ የራሴን ግን እነግራችኋለሁ ማለቴ ነው። ይህችው ጭራ ትእዛዝ ላይ ስትገባ ልመና ትሆናለች። እናቴ «ናማ» እና «ና» ስትል ልዩነቱን ወንድሜ ከልጅነቱ ያውቃል፤ በ«ናማ» ዳቦ አለ፣ በ«ና» አለንጋ። ሦስተኛዋ «ተራራማ»፣ «አሸዋማ»፣ «ጭቃማ» ውስጥ ያለችው ናት፤ ብዛትን ትናገራለች።

አራተኛዋ አታለለችኝ። «ማብላት»፣ «ማድረግ» ውስጥ ያለችውን እንደ አንድ ቃል ቆጥሬ መዝግቤያት ነበር። ግን «ማ» የለችም። «መ» እና «አ» ተጋጭተው ነው፤ «መ» ሲደመር «አብላት»። «መብላት» እና «ማብላት»ን ጎን ለጎን አድርጋችሁ ብታዩ ይገባችኋል። ስለዚህ እያንዳንዷን ስትጽፉ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፤ ይህች ራሷን ችላ የቆመች ቃል ናት፣ ጭራ ናት፣ ወይስ የሁለት ድምፅ ግጭት?

ለቤት ውስጥ ሥራ የደስታ ተክለ ወልድ የ1962 ዓ.ም. የአማርኛ መዝገበ ቃላት ይበቃችኋል። ወደ ግዕዝ ለመውረድ ደግሞ በ1948 ዓ.ም. የታተመው የኪዳነ ወልድ ክፍሌ ሥራ አለ። ሁለቱም ከባድ ናቸው፤ በክብደትም ጭምር። ለውጭ ቋንቋ እኔ ስልኬ ላይ ዊክሽነሪ የሚባለውን የኢንተርኔት መዝገበ ቃላት እከፍታለሁ።

ድምፁን እንጂ ፊደሉን አትመኑ

ሱቃችን ውስጥ የሚያግዘኝ ልጅ አንድ ቀን ቻርጀር አንስቶ «ለማ ልስጠው?» አለኝ። ለማን ልስጠው ማለቱ ነው። ወረፋ የያዙ ደንበኛችን ጋሽ ለማ «ለማ እዚህ ነው፣ አምጣው» አሉ። ቀልዳቸውን ነው። ስማቸው ውስጥ ያለው «ማ» ይጠብቃል፤ የልጁ ይላላል። በጆሮ ይለያል፣ በጽሑፍ አይለይም። «ገና አልመጣም» እና «ገና ደረሰ»ም እንደዚሁ ናቸው። ፊደላችን ይህን ይደብቃል። ስለዚህ በደብተሬ ላይ ከሚጠብቀው ፊደል በላይ ነጥብ አደርጋለሁ፤ ረጅም ሲሆን ደግሞ አሰምርበታለሁ።

ረጅሙን ከአጭሩ ካልለያችሁ ኢስቶኒያ ላይ ትወድቃላችሁ። እዚያ አጭሩ «ማ» «እኔ» ማለት ነው፤ «ሚና» ተቆርጦ ነው። ሳብ አድርጋችሁ «ማአ» ካላችሁ ግን መሬት፣ አገር ይሆናል።

ቻይና ላይ ደግሞ ዜማው ነው። ዕቃ የምትሸጥልኝ ቻይናዊት አንድ ጊዜ ባንኮኒው ላይ ጣቷን እያንቀሳቀሰች አሳይታኛለች። ጣቷ ከላይ ቀጥ ብሎ ሲሄድ «ማ» እናት። ከታች ወደ ላይ ሲወጣ የቃጫ ተክል፤ መደንዘዝም ነው። ወርዶ ሲነሣ ፈረስ። ከላይ ቁልቁል ሲወረወር መስደብ። ከዚያ ጣቷን አሳርፋ «ኒ ሃው ማ?» አለች። የመጨረሻዋ «ማ» ዜማ የላትም፤ ዓረፍተ ነገሩን ጥያቄ ታደርጋለች። እኔ ስሞክር እናቷን ፈረስ አደረግኳት መሰለኝ፣ አፏን ይዛ ሳቀች።

ቬትናም ከዚህም ይብሳል። እንደ ዜማው የሙት መንፈስ፣ «ግን»፣ መቃብር፣ ፈረስ፣ የሩዝ ችግኝ ይሆናል።

ቱርክኛ ላይ ጫናውን ስሙ። «ያፕማ» ሲባል ጉልበቱ «ያፕ» ላይ ካረፈ «አታድርግ» ነው። «ማ» ላይ ካረፈ ሰው ሠራሽ ማለት ነው። ቅጠል ውስጥ ሩዝ የሚጠቀለልበት «ዶልማ» ከሁለተኛዋ ወገን ነው፤ ከ«መሙላት» የወጣ ነው። ማንም «አትሙላ» ብሎ ምግብ አይሰይምም።

ቃል ሳይሆን ዓረፍተ ነገር ጠይቁ

የትርጉም መተግበሪያ ላይ «ማ» ብቻ ብትጽፉ የሆነ ነገር ይወረውርላችኋል። አትቀበሉት። ሰው ካላችሁ ሰው ጠይቁ። ደግሞ «ማ ምንድን ነው?» አትበሉ። «ዛሬ የተናገርከው፣ ማ ያለበት አንድ ዓረፍተ ነገር ስጠኝ» በሉ።

ሃንጋሪ የምትማር የእህቴ ልጅ «ማ ሄትፎ ቫን» ብላ ላከችልኝ። ዛሬ ሰኞ ነው። ስለዚህ ሃንጋሪ ውስጥ «ማ» ዛሬ ናት። ከፖላንድ የመጣልኝ «አላ ማ ኮታ» ነው፤ ልጆች ማንበብ ሲጀምሩ የሚቆጥሯት ዓረፍተ ነገር ናት። አላ ድመት አላት። ስለዚህ እዚያ «ማ» «አለው፣ አላት» ናት። ጣልያኖች «ማ ኬ ዲቺ!» ይላሉ፤ «ግን ምን እያልክ ነው!» ጣልያን አገር የኖረ ዘመድ ካላችሁ ሲቆጣ ሰምታችሁት ይሆናል። ፈረንሳይ «ማ ሜር» ሲል «እናቴ» ነው፤ «ማ» «የኔ» ናት፣ ያውም ለሴት ጾታ ብቻ።

ጅጅጋ ያለው ዕቃ አቅራቢያችን ደውሎ በሶማሊኛ «ማ ነበድ ባ?» ይለኛል፤ ሰላም ነው ወይ? ዕቃው መቼ ይመጣል ስለው «ማ አቃን» ይላል፤ አላውቅም። በአንዷ «ማ» ይጠይቃል፣ በአንዷ ይክዳል። ይህ ግራ አጋብቶኝ ብዙ ቆየሁ። አረብኛም «ማ» ብሎ ምን ይላል፣ «ማ» ብሎ አይደለም ይላል። የቻይናዋ የጥያቄ «ማ» ራሷ ከጥንት የአሉታ ቃል እንደመጣች ይነገራል። ያስገረመኝ ደግሞ እኛም እናደርገዋለን። «ምን አውቄ!» ስንል እየጠየቅን ነው እንዴ? «ማን ያውቃል?» ስንልስ? ጥያቄ ለብሶ የመጣ «አላውቅም» ነው። ስለዚህ ሁለት ትርጉም አብረው ስታገኙ ከማለያየታችሁ በፊት በመካከላቸው መንገድ ይኖር እንደሆነ ፈልጉ። መንገድ ማግኘት ግን ዝምድና ማግኘት አይደለም፤ አንዱ አገር የሄደበትን መንገድ ሌላው በራሱ ጊዜ ይሄድበታል።

ዘመድ ነው ወይስ አጋጣሚ?

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። እኔም ተሳስቻለሁ። የአፍ ድምፅ ውሱን ነው፤ ቋንቋው ከ6,000 በላይ። አጫጭር ቃላት መገጣጠማቸው አይቀርም። የጣልያኑ «ማ» ግን ነው፤ ከቬትናም «ማ»ዎች አንዷም ግን ናት። ምንም አይገናኙም።

ፈተናው እንዲህ ነው። አንድ ቃል አታወዳድሩ፤ ረድፍ አወዳድሩ። «ማን» እና «ምን»ን ይዛችሁ ወደ ጎረቤት ሂዱ። ግዕዝ «መኑ» እና «ምንት» ይላል። አረብኛ «መን» እና «ማ»። ዕብራይስጥ «ሚ» እና «ማ»። ሁሉም በ«መ» ወገን ይጀምራሉ፤ ሁሉም መጠየቂያ ናቸው፤ ቋንቋዎቹ በሌላም ብዙ ቃል ይመሳሰላሉ። ይህ ዝምድና ነው።

ዘመድ ግን ያሳስታል። ናታንያ የምትኖረው የአክስቴ ልጅ እስራኤል እንደገባች የዕብራይስጥ አስተማሪዋ እስክሪብቶ አንስታ «ማ ዜ?» አለቻት። ይህ ምንድን ነው? እሷ «ማ» ስትሰማ «ማን» መሰላት። እስክሪብቶውን ለማን ነው ተብላ የተጠየቀች መስሏት የራሷን ስም ተናገረች። የእኛ «ማ» ሰው ይጠይቃል፣ የእነሱ ዕቃ። ሰውን የሚጠይቁት በ«ሚ» ነው፤ ለእኛ ጆሮ ደግሞ ወደ «ምን» ይቀርባል። ተጠላልፎ ተቀመጠ ማለት ነው። አሁን «ማ ኒሽማ?» ስትለኝ፣ ምን ይሰማል፣ ደህና ነሽ ወይ ማለቷ ነው፤ «ምን አዲስ ነገር አለ» እንደምንለው።

ኦሪት ዘጸአት 16፡15ን ክፈቱ። እስራኤላውያን በምድረ በዳ ነጩን ነገር ሲያዩ በዕብራይስጥ «ማን ሁ?» ተባባሉ፤ ምንድን ነው? ሲሉ። መና የሚለው ስም ከዚያ ጋር ተያይዞ ይነገራል። ሰዎች የቃል ምንጭ ማደን የጀመሩት ትናንት አይደለም።

ውሃውንም በዚሁ ፈተና አሳልፉት። ግዕዝና ትግርኛ «ማይ»፣ ዕብራይስጥ «ማይም»፣ አረብኛ በመጽሐፍ «ማእ»፣ በባሕረ ሰላጤው አፍ «ማይ»። አማርኛ «ውሃ» ብሎ ሄደ፤ ማይ ግን «ማየ ጸሎት» ስንል አለች። ማይጨው ስንልም ጨው ውሃ ማለታችን ነው። ሻርጃ ላይ ይህን ባውቅ ኖሮ ጆጉን ይዤ አልመለስም ነበር።

ከዚያ የስዋሂሊ «ማጂ» መጣብኝ። ውሃ። ዘመዳችን ነው ብዬ በትልቁ ጻፍኩት። ከሳምንት በኋላ «ማ»ዋ ቅጥያ መሆኗ ገባኝ። ቱንዳ ፍሬ ነው፣ ማቱንዳ ፍሬዎች። ጂቾ ዓይን ነው፣ ማቾ ዓይኖች። ወተት እንኳ ማዚዋ ነው። «ማ»ዋን ስትገፏት የቀረው «ጂ» ብቻ ነው፤ ከ«ማይ» ጋር የሚያገናኘው የለም። ገጹን ሰረዝኩት። ሌላ ነገር ከማወዳደራችሁ በፊት ቅጥያውን ግፈፉ።

ተቃራኒውም አለ፤ የአንድ እናት ልጆች ሆነው «ማ»ዎቻቸው ባዳ ይሆናሉ። ጣልያንኛና ፈረንሳይኛ ሁለቱም ከላቲን ወጡ። የጣልያኑ «ማ» ከላቲን «ማጊስ» ነው፣ «ይበልጥ» ከሚለው። የፈረንሳዩ «ማ» ከ«ሜአ» ነው፣ «የኔ»። የጣልያኑ «ማ» እውነተኛ ወንድም ፈረንሳይ ውስጥ «ሜ» የምትለዋ «ግን» ናት። ሃንጋሪኛ፣ ፊንላንድኛና ኢስቶኒያኛም ዘመዳሞች ናቸው። «ማአ» ለፊንላንድም ለኢስቶኒያም መሬት ነው፤ ያ አንድ ቃል ነው። የሃንጋሪዋ «ዛሬ» ግን ከዚያ ቃል ጋር አትገናኝም።

«ማማ»ን ደግሞ ለማስረጃ አታቅርቡ። ሕፃን ከንፈሩን ገጥሞ በአፍንጫው ሲያጉረመርም «ም» ይወጣል፤ አፉን ሲከፍት «ማ»። የቋንቋ ሊቁ ሮማን ያኮብሰን ስለዚሁ ጽፎበታል፤ ጡት እየጠባ የሚያሰማው ድምፅ ነው ይላል። ሁሉም አገር ሕፃን ስላለ ሁሉም አገር «ማማ» ይገኛል። ጆርጂያ ግን አባትን ነው «ማማ» የሚሉት፤ እናት «ዴዳ» ናት። እዚያ አገር ሕፃኑ ሲያለቅስ ማን እንደሚነሣ እንጃ።

አሁን የጀመርኩት ገጽ «ኔ» ነው። ቡልጋሪያ «ኔ» ካሏችሁ አይደለም ማለት ነው። ድንበር ተሻግራችሁ ግሪክ ስትገቡ «ኔ» አዎ ናት። ኮሪያም «ኔ» አዎ ናት። በዚያ ላይ ቡልጋሪያዎች አዎ ሲሉ ራሳቸውን ወደ ጎን ይነቀንቃሉ፣ አይደለም ሲሉ ወደ ላይ። ቡልጋሪያ የሚኖር ዘመድ ያለው ሰው ካለ አንድ ዓረፍተ ነገር ይላክልኝ፤ ራሱን እንዴት እንደነቀነቀም ይጻፍልኝ።