ዱቄቱን ማን በላው?

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አካባቢ አንዲት ዳቦ ቤት አለችኝ። ትንሽ ናት፤ በቀን ሁለት ሺህ ገደማ ዳቦ ታወጣለች። እዚህ ያለን ነጋዴዎች ማታ ሱቅ ዘግተን ሻይ ላይ ስንገናኝ የምናወራው ያው አንድ ዓይነት ነው። ሽያጭ አለ ብር የለም፣ ማሽን ተቃጠለ፣ ሠራተኛ አይበረክትም፣ ዕቃ ጎደለ። መፍትሄ ተብሎ የሚወረወረውም ያው ነው። ሰውዬውን አባርረው፣ ካሜራ ስቀል፣ ብድር ውሰድ፣ ጸበል እርጭበት። የመጨረሻውን እኔም አድርጌዋለሁ፤ አልጸጸትም። ዱቄቱ ግን መጥፋቱን አላቆመም።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» እየተባልን አደግን፤ ገንዘብ ስናወጣ ግን ከቅርንጫፉ እንጀምራለን። እኔም ብዙ ብር ቅርንጫፍ ላይ ካፈሰስኩ በኋላ ነው የነቃሁት። እዚህ ያየሁትን ምልክት፣ የጠረጠርኩትን፣ በኋላ የተገኘውን ምክንያትና የሠራልኝን መፍትሄ ልንገራችሁ።

ምልክት፦ ዕቃ ይጎድላል፣ የት እንደገባ አይታወቅም

የገዛሁትን ዱቄትና የሸጥኩትን ዳቦ ሳመሳክር በየወሩ ሦስት ኩንታል ተኩል አካባቢ ይጎድላል። ሌባ አለ አልኩ። ሌላ ምን ይባላል?

የመጋዘን ቁልፍ የያዘውን ልጅ ጠረጠርኩ። ፊት ለፊት ሌባ አላልኩትም፤ ቁልፉን ብቻ ተቀበልኩት። ይሄ ከስድብ ይብሳል። በሳምንቱ ልብሱን ሰብስቦ ሄደ። በሚቀጥለው ወር ቁጭ ብዬ ሒሳብ ሠራሁ። ሦስት ኩንታል ተኩል። ቁልፉ የከረመው እኔ ኪስ ውስጥ ነው።

ዕድሜያቸውን ፎርኖ ፊት የጨረሱ አንድ ሽማግሌ ጋጋሪ አሉ፤ ለምኜ አመጣኋቸው። መጋዘኑን ዞር ብለው እንኳ አላዩትም። ከጠረጴዛው ላይ የተቆረጠ ሊጥ አሥር አንስተው ጎረቤት ሽንኩርት ቤት ሄዱና አስመዘኑ። 110 ግራም መሆን የነበረበት ሊጥ በአማካይ 120 ይመጣል። «በል አሁን አስላ» አሉኝ።

አሥር ግራም በእጅ አትታወቅም። በሁለት ሺህ ዳቦ ስትባዛ ግን 20 ኪሎ ሊጥ ናት። ከሊጥ ውስጥ ከአሥር ስድስት እጁ ገደማ ዱቄት ነው፣ የቀረው በአብዛኛው ውሃ ነው። ስለዚህ በቀን 12 ኪሎ ዱቄት። በሠላሳ ቀን 360 ኪሎ። ሌባ የለም። ዱቄቱን የበሉት ደንበኞቼ ናቸው፣ ያውም ሳያውቁት።

ታዲያ ሊጡ ለምን ከበደ? ቆራጩ በእጁ ግምት ስለሚቆርጥ። ለምን በግምት? ሚዛኑ ስለማይሠራ። ለምን አይሠራም? ባትሪው አልቋል። ለምን አልተገዛም? እዚህ ላይ ነው ፊቴ የተለወጠው። ቆራጩ ለካሸሯ ነግሯታል፣ ካሸሯ ለእኔ ነግራኛለች፣ እኔ ስልክ ላይ ሆኜ «እሺ እሺ» ብያለሁ። ከዚያ ቆመ። ምክንያቱም በዚያ ቤት ውስጥ ከእኔ በቀር የባትሪ ብር እንኳ የማውጣት ሥልጣን ያለው ሰው የለም።

አንድ ጥያቄ ይቀራል። ግምት ከሆነ አንዳንዴ መቅለልም ነበረበት፤ ለምን ሁልጊዜ ወደ ላይ ይሳሳታል? ቆራጩ ጠዋት ጠዋት መስኮት ላይ ቆሞ ይሸጣል። «ዳቦው አነሰ፣ ነገ ደግሞ ክኒን ታደርጉታላችሁ» የሚለውን ስድብ የሚጠጣው እሱ ነው። ማታ ሊጥ ሲቆርጥ ታዲያ እጁ ይፈራል። እኔ ብሆንም እፈራለሁ።

መፍትሄው፦ ባትሪው ተገዛ፤ እሱ ለዛሬ ነው። ለነገው ካሸሯ ጋ ለጥቃቅን ወጪ የሚሆን ትንሽ ብርና አንድ ደብተር ተቀመጠ፤ እኔን ሳትጠይቅ ታወጣለች፣ ትጽፋለች። ከእያንዳንዱ ቡኮ አሥር ሊጥ ይመዘናል፣ ቁጥሩ ግድግዳ ላይ ይጻፋል። ሁለተኛ ሚዛን መስኮቱ ጋ ደንበኛ እንዲያየው ቆመ። (ዳቦ ሲጋገር ከክብደቱ ከ10 እስከ 15 በመቶ ገደማ ስለሚቀንስ፣ ለደንበኛ የምትነግሩት የተጋገረውን ክብደት ይሁን፤ አለዚያ ሚዛኑ ራሱ ሌላ ጠብ ያመጣል።)

ቁልፉን የተቀበልኩት ልጅ ጋ ደወልኩ። ይቅርታ አልኩት። ሰማኝ፣ «ችግር የለም» አለኝ። አልተመለሰም።

ይሄ ለምን ለምን እያሉ መውረድ የእኔ ፈጠራ አይደለም፤ ከጃፓን የመጣ ነው። ሳኪቺ ቶዮዳ የሚባለው ሰው ክር ሲበጠስ በራሱ የሚቆም የሽመና ማሽን የሠራ ነው። በፈረንጆቹ 1924 የወጣው ማሽናቸው በጣም የታወቀ ሆነ። ሐሳቡ ገብቷችኋል? ብልሽቱ ሲጀምር አቁም፣ ምክንያቱን እዚያው ፈልግ፣ የተበላሸ ጨርቅ እየሸመንክ አትቀጥል። የሳኪቺ ልጅ ባቋቋመው የመኪና ፋብሪካ፣ ቶዮታ፣ ውስጥ ደግሞ ታይቺ ኦህኖ አምስት ጊዜ ለምን ማለትን የሥራ ወግ አደረገው። ወደ እኛም ካይዘን በሚለው ስም ገብቷል፤ በፈረንጆቹ 2011 ኢንስቲትዩት ተቋቁሞለታል። ችግሩ እዚህ ሰፈር ካይዘን ስትሉ ሰው ዕቃ መደርደርና ወለል መጥረግ ብቻ ይመስለዋል።

አምስት የሚለው ቁጥር ላይ አትጨነቁ። እኔ የምጠብቀው ሌላ ነገር ነው፤ መልሱ የሰው ስም ላይ ካለቀ ገና አልደረስኩም ማለት ነው። «ለምን ጎደለ? እሱ ስለሰረቀ» ካላችሁ፣ አንድ ተጨማሪ ለምን አለ፤ እንዴት ሊሰርቅ ቻለ? ሌባ የለም እያልኩ አይደለም፣ ሞልቷል። ግን ሌባውን አባርራችሁ ቀዳዳውን ከተዋችሁት የሚቀጥለው ሰው ያገኘዋል።

ምልክት፦ ማሽን ደጋግሞ ይቃጠላል

የሊጥ ማቡኪያው ሞተር በአንድ ዓመት ሦስት ጊዜ ተቃጠለ። ሦስቴ የውስጥ ሽቦውን እንደ አዲስ አስጠቀለልነው። እያንዳንዱ ጥቅለላ ብር ብቻ አይደለም፣ ሞተሩ እስኪመለስ ሊጥ በእጅ ማቡካት ነው፤ ወገብ ያወቀ ያውቃል። የጠረጠርኩት ማሽኑ አሮጌ ነው ብዬ ነበር። አዲስ ልገዛ ዋጋ ሁሉ ጠይቄያለሁ።

ምክንያቱን ያገኘው አንድ ወጣት ኤሌክትሪሽያን ነው። ሞተሩ ባለ ሦስት ፌዝ ነው፤ ኃይሉ የሚመጣለት በሦስት ሽቦ ነው። በእኛ መስመር አንዱ ፌዝ አልፎ አልፎ ይጠፋል፣ በተለይ ዝናብ ሲሆን። ሞተሩ በሁለቱ ፌዝ መዞሩን ሊቀጥል ይችላል፤ ነገር ግን ሁለቱ የሦስቱን ሸክም ስለሚይዙ ይግላል፣ ሽታ ይመጣል፣ ያልቃል። እሺ፣ ለዚህ እኮ ኦቨርሎድ የሚባል መከላከያ አለው፤ ለምን አላጠፋውም? ሳጥኑን ከፈተ። ኦቨርሎዱ ተዘሎ ሽቦው ቀጥታ ታስሯል። ለምን? ከዚያ በፊት የመጣው ጠጋኝ «ዝም ብሎ ይቆርጣል፣ አስቸገረ» ስለተባለ ነው የዘለለው። ማን ነው አስቸገረ ያለው? እኔ ነኝ። ማሽኑ አመመኝ እያለ ሲጮህ አፉን አስያዝኩት።

መፍትሄው፦ ኦቨርሎዱ ተመለሰ፣ ሞተሩ ላይ በተጻፈው አምፒር ልክ ተስተካከለ። ፌዝ ሲጎድል ማሽኑን የሚያቆም ትንሽ መቆጣጠሪያም ተጨመረ። ዋጋው ከአንድ ጥቅለላ ያነሰ ነው። ፌዙ መጥፋቱን አልተወም፤ እሱ ከእኔ አቅም በላይ ነው። ሥሩ እጃችሁ የማይደርስበት ቦታ ሲሆን እጃችሁ የሚደርስበትን የመጨረሻ ቦታ ያዙ። ማሽናችሁ እያጉረመረመ አልነሳ ካለ ደግሞ ደጋግማችሁ አትሞክሩት፣ አጥፉና ሦስቱም ፌዝ መኖሩን በባለሙያ አስለኩ።

ምልክት፦ ሽያጭ አለ፣ ብር የለም

ይሄ የጎረቤቴ ነው። የቤት ዕቃ ይሸጣል፤ ባልዲ፣ ቴርሞስ፣ ብርድ ልብስ። ሱቁ ሰው አያጣም። ሒሳቡም ትርፍ ያሳያል። ግን ዕቃ ለማምጣት መርካቶ በሄደ ቁጥር ብር ያጥረዋል። መጀመሪያ ኪራዩን ወቀሰ፣ ከዚያ ዱቤውን፣ ከዚያ እቁብ ገባ፣ ከዚያ ተበደረ። ብድሩ ሁለት ወር አቆየውና እዚያው ተመለሰ።

ሥሩን ያገኘነው ብሩን ትተን ባልዲ ስንቆጥር ነው። አምና በዚህ ጊዜ መደርደሪያው ላይ ስንት ዕቃ ነበር? ዘንድሮስ? በግማሽ አንሷል! በብር ሲቆጠር ያው ይመስላል፣ በዕቃ ሲቆጠር ሱቁ እየከሰመ ነው። ለምን? በገዛበት ዋጋ ላይ ትርፍ ጨምሮ ነው የሚሸጠው። እንበል በ1,000 የገዛውን በ1,200 ሸጠ፣ 200 ተረፈኝ ብሎ ለቤት አወጣ። መርካቶ ሲመለስ ያው ዕቃ 1,250 ሆኗል። 200 የተረፈው ሳይሆን ገና ሲሸጥ 50 የከሰረው ሰው ነው፤ በዚያ ላይ 200ውን በልቶታል። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ከተባለ በኋላ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር ሲያልፍ፣ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ የሚሸጡ ብዙ ሱቆች በዚህ ዓይነት ሳያውቁት ቀለጡ።

መፍትሄው ቀላል ነው፣ ድፍረት ግን ይፈልጋል። አሁን ሰኞ ሰኞ መርካቶ ደውሎ የሚተካበትን ዋጋ ይጠይቃል፤ የሚሸጠው በዚያ ላይ ተመሥርቶ ነው። ለቤት የሚያወጣውም በየወሩ የተወሰነ ሆኗል፣ እንደ ደመወዝ። ደንበኛ ላይ ዋጋ መጨመር ያሳፍራል ይላል። ያሳፍራል፤ ባዶ መደርደሪያም ያሳፍራል።

ምልክት፦ ጠዋት ያልቃል፣ ማታ ይተርፋል

በቅናሽ ሞከርን፣ ማስታወቂያ ለጠፍን። ምክንያቱ የመጋገሪያ ሰዓታችን ነበር። እዚህ ዳር ያለ ሰው መሀል ከተማ ሥራ ለመግባት ገና ጎህ ሳይቀድ ይወጣል፤ የእኛ የመጀመሪያ ዳቦ የሚወጣው አንድ ሰዓት ላይ ነበር። ለምን አንድ ሰዓት? ጋጋሪው የሚመጣው ከአቃቂ ነው፣ ከዚያ በፊት ታክሲ አያገኝም። ለካ ከእሱ በፊት ሁለት ጋጋሪ የለቀቁብኝም በዚሁ ነው፤ እኔ ግን «የዘንድሮ ሠራተኛ» እያልኩ ስራገም ነበር። ከጀርባ አንድ ክፍል አጽድቼ የሌሊት ተራ ያለው እዚያው እንዲያድር አደረግኩ። አሁን የመጀመሪያው ዳቦ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ይወጣል፣ ሁለተኛው ከሰዓት 10 ሰዓት፣ ሰው ከሥራ ሲመለስ ትኩስ እንዲያገኝ። በሁዳዴ 55 ቀን የቅቤና የእንቁላል ኬክ መተው ነው፤ ይሄ ምርመራ አያስፈልገውም።

ምልክት፦ ሰው ተሰልፎ ተስፋ ቆርጦ ይሄዳል

ይሄ የሌላ ሱቅ ነው። ካሸሯ ቀርፋፋ ናት ብለን ነበር። አይደለችም። ደንበኛው በቴሌብር ይከፍላል፣ መልእክቱ የሚገባው ባለቤቱ ስልክ ላይ ነው፣ ባለቤቱ ቦሌ ነው፣ ካሸሯ ደውላ «ገባ?» ትላለች። መቀበያውን በሱቁ ስልክ አድርጉት። አለቀ።

አሁን የያዘኝ ደግሞ ሌላ ነው። ሰኞ ሰኞ ብቻ ዳቦው ቆምጠጥ ይላል። ዱቄቱ ያው፣ እርሾው ያው፣ ጋጋሪው ያው። ለምን ሰኞ? ለአዲሱ ቡኮ የምንቀላቅለው የእሑድ ትራፊ ሊጥ ከሌላው ቀን ይልቅ ረጅም ሰዓት ይቆያል፤ እሑድ ሁለተኛውን ዙር አንጋግርም። የት ነው የሚቀመጠው ብዬ ስጠይቅ ሁሉም ወደ ምድጃው ጎን ጠቆሙኝ። ሁለተኛው ለምን ላይ ነኝ።