አዲስ ሞተር ይዞ ወንዶ ገነት ውሎ መመለስ

ሐዋሳ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነኝ። እኛ የስፌት ማሽኑን «መኪና» ነው የምንለው። አዲስ መኪና ሲገባ የመጀመሪያውን ሳምንት ስስ ጨርቅ ብቻ ነው የምሰፋበት። ቶሎ ቶሎ ዘይት አጠጣዋለሁ፣ ፔዳሉን ቀስ አድርጌ እረግጣለሁ። ጂንስ አላስነክሰውም። ይህን ለተለማማጆቼ ስመክር የኖርኩ ሰው፣ ዕቁብ ወጥቶልኝ አዲስ ቦክሰር 150 ሞተር ሳይክል በገዛሁ በሳምንቱ ምክሬን ረሳሁት።

እሁድ ነበር። ሦስት ጓደኞቼ በሁለት ሞተር ከፊት ይሄዳሉ። እኔ 90 ኪሎ ሜትር እንኳ ያልሄደ ሞተር ይዤ ከኋላ አሳድዳቸዋለሁ። ሻሸመኔ ገብተን ወደ ወንዶ ገነት የሚያስወጣው መታጠፊያ ላይ ልድረስባቸው ብዬ ስቸኩል የፊት ጎማዬ አሸዋ ላይ ተንሸራተተ። ጉልበቴ ተላጠ፣ የእግር ፍሬኑ ታጠፈ፣ አንዱ ስፖኪዮ ተሰበረ። ሱሪዬን ራሴ ጣፍኩት። ከሁሉ ያሳፈረኝ ግን ሊያነሳኝ የመጣው ሊስትሮ ነው። መቀመጫውን ዳበስ አደረገና «ጋሼ፣ ላስቲኩ እንኳ አልተላጠም እኮ!» አለኝ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ያንኑ መንገድ ደገምነው። የምጽፍላችሁ ሁለተኛው ጊዜ ላይ ያደረግነውን ነው።

መጀመሪያ ርቀቱን አሳንሱ። ከሐዋሳ ሻሸመኔ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከዚያ ወንዶ ገነት 15 ገደማ። ደርሶ መልስ 80 ማለት ነው። ለአዲስ ሞተር ይበቃዋል። አንዱ ጓደኛዬ ባንክ ነው የሚሠራው፣ ሁሉ ነገር በቁጥር ከፍ ሲል ደስ ይለዋል፤ «ለምን ላንጋኖ አንደርስም?» አለ። ላንጋኖ የትም አይሄድም።

ርቀቱን የምንቆጥበው ለምንድን ነው? አዲስ ሞተር ውስጡ ያለው ብረት ገና እርስ በርሱ አልተላመደም። ፒስተኑና ቀለበቶቹ ከሲሊንደሩ ጋር እየተፋጩ ነው የሚገጣጠሙት። ያኔ ብዙ ጋዝ ከሰጣችሁት ይግላል፣ ይቧጨራል። የኔ ሞተር መመሪያ እስከ 1,000 ኪሎ ሜትር በመጨረሻው ማርሽ እንኳ ከ45 አትለፍ፣ ከዚያ እስከ 2,000 ከ55 አትለፍ ይላል። የእናንተን አንብቡት። መመሪያውን ሻጩ ከፌስታል ጋር ጠቅልሎ ይሰጣችኋል፤ ብዙ ሰው ከፌስታሉ ጋር ይጥለዋል።

ቀስ ማለት ግን ማርሽ ከፍ አድርጎ ማስጨነቅ አይደለም። አራተኛ ላይ ሆኖ ሞተሩ ሲንገጫገጭ ከሰማችሁ ወደ ሦስተኛ መልሱት። ፍጥነቱንም አንድ ቦታ ላይ አትቸክሉት። 35፣ 40፣ ትንሽ 45፣ ተመልሶ 35። ጠዋት ስታስነሱት ደቂቃ ያህል ይሙቅ፣ ግን ቆሞ እያለ ጋዝ አታስጩኹት። ሰፈሩን ከመቀስቀስ በቀር ጥቅም የለውም።

ቅዳሜ ማታ የሚያልቀው ሥራ ቅዳሜ ማታ ይለቅ። ነዳጅ ሙሉ። እሁድ ጠዋት ማደያ ሄዶ ሰልፍ ላይ መቆም ቀኑን ይበላል። ክፍያው በስልክ ስለሆነ ስልካችሁም ቻርጅ ይኑረው። መንገድ ዳር በሃይላንድ የሚሸጠውን ቤንዚን ለአዲስ ሞተር አልመክርም። ውሃ ይግባበት፣ ናፍጣ ይግባበት የሚያውቀው የቀዳው ሰው ብቻ ነው።

ጎማ ንፋሱን አስለኩ። ለኔ ሞተር የፊቱ 25 ፒ ኤስ አይ (PSI)፣ የኋላው 28 ነው፤ ሰው ከተፈናጠጠ የኋላው 32። ጎሚስታው ዝም ካላችሁት ለሁሉም እኩል ይሞላል። ካቴናውን መሀሉ ላይ በጣት ወደ ላይ ግፉት። ሁለት፣ ሦስት ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ዝቅ ካለ ጥሩ ነው። አዲስ ካቴና ቶሎ ይረግባል፣ ስለዚህ አዲስ ነው ብላችሁ አትለፉት። ብሎኖቹንም በኪያቤ ነካ ነካ አድርጉ። የኔ የሰሌዳው ብሎን በጣት የሚፈታ ሆኖ ነው የተገኘው።

ሰሌዳ ሳይታሰር፣ ሊብሬና ሦስተኛ ወገን ሳይያዝ ከከተማ አትውጡ። መንገዱ ከሲዳማ ወደ ኦሮሚያ ያሻግራል፤ የሐዋሳው ትራፊክ ያውቀኛል የሚባል ነገር ሻሸመኔ አይሠራም። ከመነሳታችሁ በፊት እዚያ ለሚኖር ሰው ደውላችሁ መንገዱ ሰላም መሆኑንም ጠይቁ።

ልብስ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ሙያዬ ነው። ሄልሜት ማንጠልጠያው ካልታሰረ ባርኔጣ ነው። ጃኬት ወፍራም ጂንስ ይሁን። እኔ ከወደቅኩ በኋላ ለአራታችንም ክርኑ ላይ ከውስጥ ኪስ ሰፋሁና ጣት የሚያህል ውፍረት ያለው ስፖንጅ ከተትኩበት። ሱሪው ጉልበት ላይም እንደዚያው። ስፖንጁ ይወጣል፣ ልብሱ ይታጠባል። የትኛውም ሰፈር ያለ ሰፊ በአንድ ከሰዓት ይሠራላችኋል። ሻርፕ አንገት ላይ ተንጠልጥሎ አይሁን፤ ወደ ውስጥ ይግባ። ዕቃ የምታስሩት ደግሞ በገመድ ሳይሆን ከአሮጌ ካላማዳሪ በተቆረጠ ጎማ ነው። ገመድ ይላላል፣ ጎማው ግን ይነክሳል።

አሁን ዋናው ነገር፣ ሰልፉ። በመጀመሪያው ጉዞ ጥፋታችን አዲሱን ሞተር መጨረሻ ማድረጋችን ነበር። መጨረሻ ላይ ያለ ሰው ሁልጊዜ ያሳድዳል። ፊተኛው ትንሽ ሲፈጥን ኋለኛው ብዙ መፍጠን አለበት። ሁለተኛው ጊዜ ላይ መንገዱን የሚያውቀው አስተማሪ ጓደኛችን መሪ ሆነ፣ እኔ ሁለተኛ፣ ባንከኛው መጨረሻ። አስተማሪው በስፖኪዮ የሚያየው እኔን ነው፣ ፍጥነቱም የኔ ፍጥነት ነው። ፒንሳ፣ ትርፍ ካንዴላና የንፋስ መሙያ የተጫነው መጨረሻው ሞተር ላይ ነው፤ ሞተር የተበላሸበት ሰው ቆሞ ሲጠብቅ ዕቃው ይደርስለታል እንጂ አልፎት አይሄድም።

የተፈናጠጠው አራተኛው ሰው ከባንከኛው ኋላ ነው። እኔ ማንንም አላፈናጠጥኩም። ይህ አራተኛው ጓደኛችን ዳቦ ጋጋሪ ነው፣ ኪሎውም እንደ ሙያው ነው። አኩርፎኝ ነበር። ለአዲስ ሞተር ሸክም አይሆንም፤ ለአዲስ ጓደኝነት እንጂ ለቆየ ጓደኝነት ኩርፊያ ምንም አይደል።

ርቀት ጠብቁ። ፊታችሁ ያለው ሞተር አንድ ዛፍ ሲያልፍ መቁጠር ጀምሩ። አንድ፣ ሁለት ሳትሉ ዛፉ ጋ ከደረሳችሁ በጣም ቀርባችኋል። መሪው ግራ፣ ሁለተኛው ቀኝ፣ ሦስተኛው ግራ ሆናችሁ ሂዱ እንጂ ጎን ለጎን አትነዱ። ወሬው ሻሸመኔ ስትገቡ ይደርሳል።

12 ሰዓት ተኩል ላይ ጠዋት ተነሳን። ጥቁር ውሃን ስንሻገር ገና ብርድ ነበር። በዚህ ሰዓት ከባድ መኪና ይቀንሳል፤ በ45 እየሄዱ ዋና መንገድ ላይ መሆን ደግሞ መኪና በቀነሰበት ሰዓት ብቻ ነው የሚያምረው። አንዱ ሲያልፋችሁ ንፋሱ መጀመሪያ ይገፋል፣ ከዚያ ይስባል። መሪውን አጥብቃችሁ አትጨብጡ፣ ጉልበታችሁን ታንከሩ ላይ ግጠሙ። ሻሸመኔ ጨጨብሳና ሻይ። የሰው ቁርስ ለሞተሩ ማቀዝቀዣ ነው፤ ሩብ ሰዓት አትጭኑት፣ አትንኩት።

ከዚያ መታጠፊያው። ጋሪ አለ፣ ባጃጅ አለ፣ ፍየል አለ፣ አሸዋው እንዳለ አለ። ፍሬን መያዝ ያለባችሁ ቀጥ ብላችሁ እያለ፣ ከመታጠፋችሁ በፊት ነው። የኔን ጉልበት ያስላጠው ዞር እያሉ የፊት ፍሬን መጨበጥ ነው። አዲስ ጎማ ደግሞ ላዩ ሙልጭ ያለ ነው፤ መቶ ምናምን ኪሎ ሜትር ሄዶ እስኪሻክር ድረስ አትመኑት።

ወንዶ ገነት ስትደርሱ ሞተሩን ጥላ ሥር አቁሙ፣ ዳቦውን ግን ሞተሩ ላይ አትተዉ። እኛ ጉሬዛ አንጋጠን ስናይ ጦጣ ፌስታሉን ቀዶ የጋጋሪውን ዳቦ ወሰደ። ኩርፊያው ያኔ ነው የለቀቀው፤ «ቢያንስ እሷ አደነቀችው» አለ። ፍል ውሃው ግሩም ነው። ግን ከወጣችሁ በኋላ ሰውነት ይላላል፣ እንቅልፍ ይመጣል። አንድ ሰዓት ሙሉ ተኝታችሁም ሆነ ተቀምጣችሁ እረፉ፣ ውሃ ጠጡ። ቢራውን ሐዋሳ። አካባቢው የጫት አገር ነውና በርጫ የሚል ጓደኛ ካለ መልሱ አንድ ነው፤ በርጫ ከተጀመረ የምትመለሱት በመብራት ነው። ማታ ያ መንገድ ላይ መብራት የሌለው ጋሪ ይሄዳል።

9 ሰዓት ላይ ተነሳን፣ 11 ሳይሞላ ቤት። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ካቴናውን ድጋሚ ገፋሁት፤ ከጠዋቱ ረግቧል። አስጠበቅኩት።

ከሁለት ሳምንት በኋላ 500 ገደማ ሲሞላ የመጀመሪያውን ዘይት አስቀየርኩ። መካኒኩ የወጣውን ዘይት ጣሳ ውስጥ ፀሐይ ላይ ያዘልኝ። እንደ ወርቀ ዘቦ ብልጭ ብልጭ ይላል። የብረት ዱቄት ነው። አዲሱን ዘይት እስኪሞላ እኔ የመቀመጫውን ላስቲክ ላጥኩ።