ከደሴና ከኮምቦልቻ ዋሽንግተን ዲሲ ለገባችሁ ወላጆች፦ ስለ ልጆች ትምህርት ቤት ምርጫ

ደሴ ላይ ያለውንና የሌለውን ቤተሰብ ልጅ የሚለየው በግልጽ ይታወቃል፤ የግል ትምህርት ቤት ወርሃዊ ክፍያ ነው። ዲሲ ውስጥ የመንግሥቱም የቻርተሩም (በመንግሥት ገንዘብ፣ ግን በራሱ አስተዳደር የሚሠራው) ትምህርት ቤት በነጻ ነው። ልጆቹ ግን እዚህም በኑሮ ደረጃ ተለያይተው ነው የሚማሩት፤ የሚለያያቸው የቤት ኪራይና መረጃ ነው። የሰፈር ትምህርት ቤታችሁን የሚወስነው አድራሻችሁ ነው፣ ስመ ጥር ትምህርት ቤት ባለበት ሰፈር ደግሞ ኪራዩ አይቀመስም። ከሰፈር ውጭ ለሚፈልግ ዕጣ አለ። ዕጣው ለሁሉም ክፍት ቢሆንም ቀኑን ቀድሞ ያወቀና ልጁን ጠዋት ጠዋት ከተማውን አቋርጦ ለማድረስ መኪናና ጊዜ ያለው ቤተሰብ ይበልጥ ይጠቀምበታል። እነዚህ ሲሄዱ፣ የሰፈሩ ትምህርት ቤት የባሰ ለተቸገሩት ብቻ ይቀራል።

ዕጣው ማይ ስኩል ዲሲ ይባላል፤ በአማርኛም መረጃ ይሰጣል። ምዝገባው ዲሴምበር ላይ ይከፈታል። ለ9ኛ ክፍልና ከዚያ በላይ ፌብሩዋሪ መጀመሪያ፣ ከዚያ በታች ላሉት ማርች መጀመሪያ ይዘጋል። ዘግይታችሁ ከመጣችሁ ወረፋው መጨረሻ ላይ ትሰለፋላችሁ። ከመዋዕለ ሕፃናት እስከ 12ኛ ክፍል የሰፈራችሁ ትምህርት ቤት ግን በማንኛውም ጊዜ ሊቀበላችሁ ይገባል፤ ለዚያ ዕጣ አያስፈልግም። የ3 እና የ4 ዓመት ልጆች ግን ለሰፈራቸው ትምህርት ቤትም በዕጣ ነው የሚገቡት።

እስከ 12 ትምህርት ቤት በቅደም ተከተል መሙላት ይቻላል። «የማይደርሳችሁን አንደኛ አታድርጉ» የሚላችሁን አትስሙ። በጣም የምትፈልጉትን ከላይ ማድረግ ታች ያለውን ዕድል አይቀንስም። 3ኛ ያደረጋችሁት ከደረሳችሁ በ1ኛውና በ2ኛው ተጠባባቂ ሆናችሁ ትቆያላችሁ፣ ከ4ኛ ጀምሮ ወደ ታች ያለው ይሰረዛል። ስለዚህ የማትፈልጉትን ትምህርት ቤት ለመሙላት ያህል መሃል ላይ አትጻፉ።

ቡና ላይ ስሙ የሚነሳውን ትምህርት ቤት ተከትሎ መጉረፍ ያሳስበናል። የፈተና ውጤት ከአስተማሪው ብቃት ይልቅ የወላጆቹን ገቢ ነው በብዛት የሚያሳየው። የተሻለው መለኪያ ልጆቹ ከዓመት ዓመት ምን ያህል እንደተሻሻሉ ነው። ሄዳችሁ ጠይቁ፦ እንግሊዝኛ ለጀማሪዎች የሚያስተምር ስንት መምህር አለ? በቀን ስንት ሰዓት ያገኛሉ? አስተርጓሚ በነጻ የማግኘት መብት አላችሁ፤ ልጃችሁን አስተርጓሚ አታድርጉት።

ከሰነድ የልደት የምስክር ወረቀት፣ የክትባት ካርድ፣ የክፍል ውጤትና የዲሲ ነዋሪነት ማስረጃ ያዙ። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው የልደት ቀን ነው። በእኛ አቆጣጠር 2012 የተወለደ ልጅ ሳይቀየር ከተጻፈ መዝጋቢው ዕድሜው ላይ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ጨምሮ ያነበዋል፣ ክፍሉም ይሳሳታል። መዋዕለ ሕፃናት ለመግባት እስከ ሴፕቴምበር 30 አምስት ዓመት መሙላት ያስፈልጋል።

ቦታ ሲደርሳችሁ በተሰጠው ቀን ካልተመዘገባችሁ ለሌላ ይሰጣል። ተጠባባቂ ከሆናችሁ በኋላ ሲም ካርድ ከቀየራችሁ አዲሱን ቁጥር ያን ቀን አስመዝግቡ፤ ጥሪው የሚመጣው ባስመዘገባችሁት ስልክና ኢሜይል ነው።