ፍራንክፈርት ስትገቡ መጀመሪያ ስማችሁን ለጥፉ

ፍራንክፈርት ከገባሁ ሦስት ሳምንት አለፈኝ፤ የባንክ ካርዴ ግን የውሃ ሽታ ሆነ። በየቀኑ ከሦስተኛ ፎቅ ወርጄ የፖስታ ሳጥኑን እከፍታለሁ። የፒዛ ቤት ማስታወቂያ ብቻ። ባንኩ ሄጄ ስጠይቅ ካርዱ ሁለቴ ተልኮ ሁለቴ ተመልሷል። ለካ ሳጥኑ ላይ የተጻፈው የቀድሞው ተከራይ ስም ነው!

እኛ አገር ደብዳቤ ቤት ድረስ አይመጣም፤ የሳጥን ቁጥር ያለው ሰው ፖስታ ቤት ሄዶ ያመጣል። እዚህ ፖስተኛው በር ድረስ ይመጣል። ግን አድራሻው ላይ መንገዱና የሕንፃው ቁጥር እንጂ የክፍላችሁ ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ የለም። የሚፈልገው ስም ነው። ካጣው ይመልሰዋል።

ስለዚህ ቁልፍ የተቀበላችሁ ዕለት፣ ሻንጣ ሳትፈቱ፣ ስማችሁን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ሳጥኑም ደወሉም ላይ በፕላስተር ለጥፉ። ያምራል አያምርም አትበሉ፤ ጥሩውን ሀውስማይስተሩ፣ ማለትም የሕንፃው ተንከባካቢ፣ በኋላ ይሠራዋል። የትኛውን ስም? እኔ እዚህም ላይ ተሸውጃለሁ። የራሴንና የአባቴን ጻፍኩ። ደብዳቤው የሚመጣው ግን ፓስፖርቴ ላይ በቤተሰብ ስም ቦታ በሰፈረው በአያቴ ስም ነው፦ «ፍራው ገብረማርያም»፣ ወይዘሮ ገብረማርያም እንደማለት። አያቴ በሕይወት ሳሉ ከደብረ ብርሃን ርቀው አያውቁም፤ ይኸው ዛሬ ጋሉስ ሰፈር «ፍራው» ተብለው ደብዳቤ ይመጣላቸዋል። ባልና ሚስት ከሆናችሁ የሁለታችሁንም ለጥፉ።

ቀጥሎ አንሜልዱንግ፣ የአድራሻ ምዝገባ ማለት ነው። ቤት በገባችሁ በ2 ሳምንት ውስጥ ፓስፖርታችሁንና አከራዩ የፈረመበትን የመግቢያ ማረጋገጫ ይዛችሁ ወደ ከተማው የነዋሪዎች ቢሮ ትሄዳላችሁ። የኪራይ ውሉ ብቻ አይበቃም፤ ማረጋገጫውን ቁልፍ ስትቀበሉ አብራችሁ ጠይቁ። ቀጠሮ የለም ቢላችሁ ተስፋ አትቁረጡ። በማግስቱ ጠዋት የቢሮውን ድረ ገጽ ስትከፍቱ ሰው የሰረዘው ቀጠሮ ሊገኝ ይችላል።

ከተመዘገባችሁ በኋላ ደብዳቤ ይዘንባል። አንዱ ወዳጅ ነው፦ 11 አሃዝ ያለው የግብር መለያ ቁጥር። ቶሎ ለአሠሪያችሁ ስጡት፤ ካልሆነ በከፍተኛው ስሌት ሊቆርጥባችሁ ይችላል። ሌላው የሬዲዮና ቴሌቪዥን ክፍያ ነው፣ በወር 18.36 ዩሮ። «ቴሌቪዥን የለኝም» ብዬ ሞክሬዋለሁ፤ አይሠራም። ክፍያው ግን በሰው ሳይሆን በቤት ነው። ሦስት ሆናችሁ ከተከራያችሁ አንዱ ይከፍላል፤ ሌሎቹ የእሱን የከፋይ ቁጥር ጽፈው ይመልሳሉ።

ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ወይም ከፍርድ ቤት የሚላከው ቢጫ ፖስታ ከመጣ ግን ቁጭ ብላችሁ አንብቡ። ፖስተኛው ያደረሰበትን ቀን ፖስታው ላይ ይጽፋል፤ ብትከፍቱትም ባትከፍቱትም የጊዜ ገደቡ ከዚያ ቀን ይቆጠራል። የትራፊክ ቅጣት ከሆነ ለመቃወም ያላችሁ 2 ሳምንት ነው። ፖስታውንም አትጣሉት። ጀርመንኛው ካልገባችሁ በስልክ ፎቶ አንስታችሁ አስተርጉሙት፤ «ፍሪስት» የሚል ቃል ካያችሁ የጊዜ ገደብ አለበት ማለት ነው። ቦክስ ፋይል ግዙ። እኔ በፌስታል ነበር የማስቀምጠው፤ የዓመት ደብዳቤ ከፌስታል ውስጥ መፈለግን ለጠላቴም አልመኝም።

ቆሻሻ መለየቱ፣ እሑድ ሱቅ መዘጋቱ፣ እሱ ይለመዳል። ቅዳሜ ወተትና ዳቦ ግዙ፣ በቃ።

ቡና ስትቆሉ ግን ተጠንቀቁ። እዚህ መኝታ ቤትና ኮሪደር ጣሪያ ላይ የጭስ ማስጠንቀቂያ መኖሩ የሕግ ግዴታ ነው። የመጀመሪያዎቹ እንግዶቼ የመጡ ቀን ቡናዬን ቆልቼ፣ እንደ ወጉ ጭሱን ላዙርላቸው ብዬ ብረት ምጣዱን ይዤ በኮሪደሩ ሳልፍ ጣሪያው ጮኸ። በመጥረጊያ እንጨት ላጠፋው ስዘል በሩ ተደወለ። ሁለተኛ ፎቅ የሚኖሩት ትልቅ ሴት ናቸው፣ የሌሊት ልብሳቸውን እንደለበሱ። ተቆጥተው ገቡ፤ በረካውን ጠጥተው ወጡ። ከዚያ ወዲህ ቤት ሳልኖር የመጣ ዕቃ እሳቸው ጋ ይቀመጥልኛል። እናንተ ግን የወጥ ቤቱን በር ዘግታችሁ፣ መስኮቱን ወለል አድርጋችሁ ቁሉ። የማስጠንቀቂያውን ባትሪ እንዳታወጡት።