የልጅነት መጽሐፋችንን ለልጆቻችን ስናነብ የምንሠራቸው ስህተቶች

ቅዳሜ ቅዳሜ ወላጆች ለልጆቻቸው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የሚያነቡበትን ክፍል ማስተናገድ ከጀመርሁ ዓመታት አልፈዋል። ብዙዎቹ አዲስ መጽሐፍ አይዙም። ተማሪ ሳሉ በቃላቸው ያጠኑትን የከበደ ሚካኤልን «ታሪክና ምሳሌ»፣ ወይም አያት የገዙላቸውን፣ ጠርዙ የተበላ የተረት መጽሐፍ ይዘው ይመጣሉ። ይህን ማየት ደስ ይለኛል፤ ያው ጥፋት ሲደጋገም ዝም ማለት ያቃተኝም ለዚህ ነው።

ከሁሉ የከፋው ፈተናው ነው። ታሪኩ አልቆ፣ ልጁ ገና ከጅቡ ጋር ጫካ ውስጥ ሳለ፣ «እሺ፣ ከዚህ ምን ተማርክ?» ይባላል። በቅርቡ አንድ አባት ስለ ጅብና ስለ ሚዳቋ ድምፁን እያወፈረና እያቀጠነ ግሩም አድርጎ አነበበ። 6 ዓመት የሚሆነው ልጁ አፉን ከፍቶ ሲሰማ ቆይቶ «የሚዳቋዋ ግልገልስ የት ሄደች?» አለ። አባትየው «እሷን ተዋት፤ ምክሩ ምንድን ነው?» ሲል መለሰለት። ልጁ አንገቱን ደፋ፤ ከዚያ በኋላ ዓይኑ መስኮቱ ላይ ነበር። የግልገሏ ጥያቄ እኮ የንባቡ ፍሬ ነበር! ልጁ መጽሐፉ ያልጻፈውን ታሪክ ሊጀምር ነበር። ልጆቻችን ክፍል ውስጥ የሚጠየቁት ይበቃቸዋል፤ ማታ አልጋቸው ላይ ፈታኝ አያሻቸውም። ተረት ነጋሪዎቻችን ሲጨርሱ «ተረቴን መልስ፣ አፌን በዳቦ አብስ» ይላሉ። የሚጠይቁት ሌላ ተረት ነው፤ «ምክሩን ንገረኝ» አይሉም። እናንተም እንዲሁ አድርጉ። ልጁ ከፈለገ የራሱን ይንገራችሁ፤ ካልፈለገ መብራቱን አጥፉና ደኅና እደር በሉት።

እናንተን ያሳቃችሁ ቦታ ላይ ስትደርሱ ቀና ብላችሁ የልጁን ፊት አትመርምሩ። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ያደገ ልጅ ጎተራም አውድማም አላየ፤ የሚስቀው ሌላ ቦታ ላይ ነው። መጽሐፉን ካልወደደውም አትቀየሙት። አስቀምጡትና ከዓመት በኋላ ሞክሩት።

ቃል በተገኘ ቁጥር ማቆምም ታሪኩን ይገድለዋል። «ጋሻ መሬት» ሲመጣ ወደ 40 ሄክታር እንደሚሆን መተንተን ምን ይጠቅማል? «ሰፊ እርሻ» ብሎ ማለፍ ይበቃል። «ጠገራ» ካለ «ትልቅ የብር ገንዘብ» የምትለውን በዚያው ትንፋሽ ጨምሯት። ታሪኩ የሚንጠለጠልበትን ቃል ብቻ አስረዱ፤ ሌላውን ልጁ ራሱ ይደርስበታል፤ ወይም ይጠይቃችኋል።

ሳይዘጋጁ ማንበብም አለ። «በቃሌ አውቀዋለሁ» የሚል ወላጅ ነው ብዙውን ጊዜ የሚደናቀፈው። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ለይቶ አያሳይም። «አለ» ሲላላ ተናገረ ነው፣ ሲጠብቅ ይገኛል ነው፤ አንባቢው ሁለተኛውን መስመር ሳያይ የትኛው እንደሆነ ላያውቅ ይችላል። ግጥም ሲሆን ችግሩ ይብሳል። የወል ቤት በሚባለው ግጥም አንዱ ስንኝ 12 ቀለም፣ ማለትም 12 የድምፅ ክፍል፣ አለው፤ 6ኛው ላይም ያርፋል። ያን ዕረፍት ዘልሎ ቤት መምቻው ላይ ብቻ የሚጮህ ሰው ግጥሙን የማባዣ ሠንጠረዥ ያስመስለዋል። ከሰዓት በኋላ አንድ ጊዜ ለራሳችሁ ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡት።

አሁን ብዙዎች ወደሚሸሹት ልምጣ። በድሮ ተረቶች ውስጥ ባለ እጁ፣ አንጥረኛው፣ ሸክላ ሠሪዋ «ቡዳ» ይባላሉ፤ ባሪያው መሳቂያ ይሆናል፤ ሚስት ትደበደባለች። ልጅ ሳለን አንብበን አልፈነዋል። ግማሹ ወላጅ ዛሬም እንዳለ ያነበዋል፤ ግማሹ ገጹን ቀስ ብሎ ይዘለዋል። ሁለቱም አይሆንም። ገና ፊደል ላልለየ ሕፃን እንዲህ ያለውን ተረት ጭራሹን አታንብቡ፤ ሌላ ተረት ሞልቷል። ማንበብ ለሚችል ልጅ ግን መዝለል ዋጋ የለውም፤ ነገ ብቻውን ያገኘዋል። አንብቡለትና በግልጽ «ይህ ግፍ ነበር» በሉት። ገበሬው ያረሰበትን ማረሻ ቀጥቅጦ የሠራው፣ ቡናው የተፈላበትን ጀበና ያበጀችው እነዚሁ የተሰደቡት ሰዎች እንደነበሩ ንገሩት። ባርነት በአገራችን በአዋጅ የተከለከለው በ1934 ዓ.ም. እንደሆነ ጨምሩበት፤ ቅድመ አያቱ በዚያ ዘመን የኖሩ መሆናቸውን ሲሰማ ነገሩ የሩቅ ተረት አይሆንበትም። ይህን ለማለት አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ክፍል ውስጥ የተቀመጠ የሸክላ ሠሪ ልጅ እንዳለ አስባችሁ አንብቡ፤ እኔ የማስተናግደው ክፍል ውስጥ ኖሮም ያውቃል።

ዋሽንግተን ወይም ቴል አቪቭ ለምትኖሩና የልጆቻችሁ አማርኛ ለሳሳባችሁ ደግሞ አንድ ልመና አለኝ። መጽሐፉን የአነጋገር ማረሚያ አታድርጉት። ልጅቷ «ጠ»ን «ተ» ብላ ስትደግም በየቃሉ ከቆረጣችኋት በሚቀጥለው ሳምንት መጽሐፉን ስታይ ትሸሻለች። ታሪኩን አስቀድማችሁ በሚቀናት ቋንቋ ንገሯት፤ ከዚያ በአማርኛ አንብቡላት። የሚሆነውን ስለምታውቅ ጆሮዋ ለድምፁ ነጻ ይሆናል።

መጽሐፉን ከልጁ እጅ የምትነጥቁ ወላጆችም አላችሁ፤ «ተው፣ ይቀደዳል፣ የእኔ የልጅነት ነው»። ገጹን እሱ ይግለጥ፣ ሥዕሉ ላይ ጣቱን ያሳርፍ። ለመታሰቢያ የምትሳሱለት ከሆነ ከአሮጌ መጽሐፍ ነጋዴ ሌላ ቅጂ ፈልጉና ያንን ስጡት፤ ስሙንም እሱ ራሱ ይጻፍበት።